ምጽዋት ወይስ ዕዳ፦ መንግሥት ለገበሬው ስለሚያደርገው ድጋፍ

መንግሥት ለገበሬ የሚያደርገውን ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው፤ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ፣ ድጎማው በበጀቱ ላይ ምን ያህል ጫና እንዳሳደረ፣ ምርቱ በሄክታር ስንት እንደደረሰ በየዓመቱ ይጠየቃል፣ መልሱም በየዓመቱ በቁጥር ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መመለስ የሚኖርበት ጥያቄ ግን የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ገበሬው ኑሮውን ከተለወጠው ገበያ ጋር ለማስማማት ሲቸገር ከመንግሥት እጅ የሚቀበለው ነገር ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ምጽዋት ከሆነ ሰጪው እንደ ፈቃዱ ይሰጣል፣ እንደ ፈቃዱም ይተዋል፤ የተቀባዩ ድርሻ ማመስገን ብቻ ይሆናል። ዕዳ ከሆነ ግን ተቀባዩ ባለመብት ነው፤ ሲዘገይበት ይጠይቃል፣ ሲጎድልበት ይከራከራል፣ የተሰጠው ነገር ነጻነቱን የሚነካ ሆኖ ካገኘውም እምቢ ለማለት ይችላል። መልሱ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚናገር ሳይቀር የሚወስን በመሆኑ፣ ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲባል የዝናብ መጥፋት ወይም የአንበጣ መንጋ ማለት አይደለም። ገበሬው እንደ አባቱ አርሶ፣ እንደ አባቱ ዘርቶ፣ ዝናቡም ሳያጓድልበት፣ የድካሙ ፍሬ ግን እንደ አባቱ ዘመን ቤቱን ማስተዳደር ሲሳነው የሚታየው ሁኔታ ነው፤ የማዳበሪያው ዋጋ የእህሉን ዋጋ ጥሎት ሲሄድ፣ የብር ምንዛሪ ሲወርድ፣ የቡና ዋጋ ቡናውን የለቀመ ሰው ባልተወከለበት የዓለም ገበያ ሲቆረጥ፣ ከተማው እየሰፋ ማሳውን ሲወስድበት፣ ወይም ለአንድ ቤተሰብ የማይበቃው መሬት ለአራት ልጆች ሲሸነሸን ማለት ነው። ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው፣ ዝናብ ስላስቀረ የሚከሰስ ሰው ባይኖርም ከእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ በስተጀርባ ግን የሰዎች ውሳኔ ስለሚገኝ ነው።

እርግጥ ልዩነቱ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኃብ ለብዙ ጊዜ የድርቅ ውጤት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ቆይቷል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅና ፈላስፋ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በጻፈው መጽሐፍ እንዳሳየው ግን፣ በዚያ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ አቅርቦት እንዲህ ያለ እልቂት የሚያስከትል ያህል አልቀነሰም ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከእልቂቱ ጋር የሚመጣጠን ንረት አልታየበትም፤ ይባስ ብሎም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ እየተጫነ የሚወጣ እህል ነበር። ድርቁ የገበሬውን ሰብል ባጠፋ ጊዜ የመግዣ አቅሙንም አብሮ ስላጠፋበት፣ እህል በገበያ እያለ ገበሬው በረኃብ አለቀ። ሴን ለዚህ ነገር የሰጠው ማብራሪያ በባለመብትነት ጽንሰ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ባለመብትነት ማለትም አንድ ሰው በሚያመርተው፣ በሚሸጠው፣ በጉልበቱ በሚያገኘው ወይም ሕግ በሚፈቅድለት ነገር አማካይነት ምግብ በእጁ ለማስገባት ያለው ሕጋዊ አቅም ነው። ረኃብ የእህል መጥፋት ብቻ ሳይሆን የመብት መጥፋትም ከሆነ፣ ለተራበው ሰው እህል መስጠት ግዴታ ሆኖ ሳለ ያጣውን ነገር ገና አልመለሰለትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሃይማኖቶች ስለ ምጽዋት የሚያስተምሩት ነገር ከተለመደው አስተሳሰብ ይልቅ ጠንካራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የቤተ ክርስቲያን አባት ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው ሲሰብክ፣ ባለጸጋ ካለው ለድኻ አለማካፈሉ ከድኻው እንደ መንጠቅ እንደሚቆጠር አስተምሯል። ቁርኣንም በባለሀብቶች ገንዘብ ውስጥ ለለማኝና ለተከለከለ ሰው የታወቀ መብት እንዳለ ይናገራል። በሁለቱም ትምህርት ሰጪው የገዛ ቸርነቱን የሚያሳይ ሰው ሳይሆን በእጁ የተቀመጠ የሌላ ሰው ድርሻ የሚያደርስ ነው። ሆኖም ይህ ዕዳ በዋነኛነት ሰው ለፈጣሪው ያለበት ዕዳ ነው፤ ባለጸጋው ቢያስቀር የሚጠየቀው በፈጣሪው ፊት እንጂ ድኻው ዳኛ ፊት አቁሞት አይደለም። መንግሥት ለገበሬው ያለበት ዕዳ ከዚህ የሚለየው በዚህ ነው፤ መንግሥት የሰዎችን ኑሮ በውሳኔው የሚለውጥ አካል በመሆኑ፣ የሚጠየቀውም በምድር፣ በሕግ፣ በራሱ በተጎዳው ሰው አንደበት መሆን አለበት።

ዕዳው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ እየደለደለ እህሉን ከነጻ ገበያው እጅግ ባነሰ ቁርጥ ዋጋ ይሰበስብ ነበር፤ ምርቱ ከኮታው ያነሰበት ገበሬ ጎደሎውን ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከ ማስረከብ ደርሷል። ዓላማው የከተማው ነዋሪና ሠራዊቱ በተመጣጣኝ ዋጋ እህል እንዲያገኙ ነበርና፣ በተግባር ሲታይ ድጎማውን የሰጠው ገበሬው፣ የተቀበለው ደግሞ ከተማውና መንግሥቱ ነበሩ። ይህ አሠራር በ1982 ዓ.ም. በቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲቀር ገበሬው ስለቀደሙት ዓመታት የተከፈለው ነገር አልነበረም፤ ጥቂት ዓመታት አልፈው በ1980ዎቹ መጨረሻ የማዳበሪያ ድጎማ ሲነሣ ደግሞ ነጻ ገበያው ያለ ምንም መደገፊያ ተቀበለው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑም መንግሥት ለማዳበሪያው ድጎማ ለመመደብ ተገደደ። የምንዛሪው ውሳኔ ለአገሪቱ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፣ የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ሊቃውንት በቂ ክርክር አላቸው፤ ነገር ግን ውሳኔው ትክክል ቢሆንም እንኳ ከውሳኔው ለአገር የታሰበውን ጥቅም ሁሉም ሲጋራው የመጀመሪያውን ሸክም የሚሸከመው ለክረምት ዘር ማዳበሪያ መግዛት ያለበት ገበሬ ነው። አርስቶትል ፍትሕን ሲከፍል አንዱን የማከፋፈል ፍትሕ፣ ሌላውን የማቅናት ፍትሕ አድርጎ ነበር፤ የማቅናት ፍትሕ የሚባለው በሰዎች መካከል በሆነ ግንኙነት አንዱ ከድርሻው በላይ ሌላው ከድርሻው በታች ሲያገኝ የተዛነፈውን ወደ ቦታው የመመለስ ሥራ ነው። የማዳበሪያ ድጎማ በዚህ ዓይን ሲታይ ስጦታ መባሉ ይቀርና የተዛነፈውን የማቅናት ሥራ ይሆናል።

ከዋጋው ይልቅ ዕዳውን የሚያጸናው ግን የመሬቱ ሕግ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት በማድረግ ጭሰኛውን ከባላባቱ ነጻ አወጣው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፣ ገበሬውም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ደነገገ። በዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 8 ላይ ደግሞ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ለምርታቸው ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ ይህም ኑሯቸው እየተሻሻለ እንዲሄድ የሚያስችልና ከአስተዋጽኦአቸው ጋር የሚመዛዘን መሆን እንዳለበት ተጽፏል፤ በአገር ጉዳይ ክርክር ውስጥ ይህ ንዑስ አንቀጽ እጅግ ጥቂት ጊዜ ሲጠቀስ መሰማቱ የሚያሳዝን ነው። መሬቱን መሸጥ የማይችል ገበሬ፣ እርሻው አላዋጣ ሲለው ሀብቱን ወደ ገንዘብ ለውጦ ሌላ ኑሮ ለመጀመር አይችልም፤ ለተወሰነ ጊዜ ያከራየዋል እንጂ ጠቅልሎ አይወጣም። ሕጉ ይህን የከለከለው ገበሬውን ከመፈናቀል ለመጠበቅ ነው ከተባለ፣ እና እንዲህ መባሉም ምክንያት አለው፣ ክልከላው ያስከተለውን ኃላፊነት ከልካዩ ሊሸከም ይገባል። የመሬቱ ባለቤት ተብሎ የተጻፈ አካል ምርቱ ሲሳካ ግብር ተቀባይ፣ ገበያው ሲከዳ ግን ተመልካች ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ነው የዮሴፍ ታሪክ የሚያስፈልገው። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ፈትቶ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሩን ፍሬ አንድ አምስተኛ ሰብስቦ በየከተማው አከማቸ፤ በረኃቡ ዓመታትም ጎተራውን ከፍቶ ግብፅንና በዙሪያዋ ያሉትን አገሮች ከሞት አዳነ። በስብከትም በሰንበት ትምህርትም የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ እስከዚህ ያለው ነው፤ ቁርኣንም የዮሴፍን ጥበብና በግምጃ ቤቱ ላይ መሾሙን ሲተርክ ከዚህ ወዲያ ስላለው ነገር አያነሣም። በምዕራፍ 47 የተጻፈው ግን የመንግሥትን እርዳታ ለሚመረምር ሰው ከሁሉ የሚልቅ ነው። ገበሬዎቹ በመጀመሪያ ገንዘባቸውን ሰጥተው እህል ገዙ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ከብቶቻቸውን ሰጡ፤ በተከታዩ ዓመት ከሰውነታቸውና ከመሬታቸው በቀር የቀራቸው ስላልነበረ ሁለቱንም ለፈርዖን ሰጡ፤ ዮሴፍም የሚዘሩትን ዘር ሰጥቷቸው ከምርቱ አንድ አምስተኛ ለፈርዖን እንዲያገቡ ሥርዓት አቆመ። ከፈርዖን ቀለብ የሚቆረጥላቸው ካህናት ብቻ መሬታቸውን አላጡም። ሕዝቡም ከሞት ያዳነን አንተ ነህ ብለው አመስግነው ባሪያ ለመሆን ተስማሙ።

ዮሴፍን መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ያለ እርሱ ጥበብ የሚመሰገንም የሚከሰስም ሰው ባልተረፈ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ ሦስት ነገሮችን ለአንባቢው ያስቀምጣል። አንደኛው፣ በረኃቡ ዘመን ለገበሬዎቹ የተሸጠው እህል በጥጋብ ዘመን ከእነርሱው ማሳ የተሰበሰበ እህል መሆኑ ነው፤ መጽሐፉ ሲሰበሰብ ዋጋ ተከፍሎበት እንደሆነ አይናገርም፣ ሲመለስ ግን ዋጋ እንደተጠየቀበት በግልጽ ይናገራል። ሁለተኛው፣ ምስጋናው እውነተኛ መሆኑ ነው፤ ነጻነቱን ያጣ ሰው ሕይወቱን ስላተረፈለት ከልቡ ሊያመሰግን ይችላልና፣ የተረጂዎች ምስጋና ለእርዳታው ፍትሐዊነት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብድ ነው። በቅን ሰው እጅ በቅን ዓላማ የተሰበሰበው ሥልጣን ከቅኑ ሰው ጋር አልሞተም፤ በኦሪት ዘፀአት መጀመሪያ ስለ ዮሴፍ ውለታ የማያውቅ ንጉሥ ሲነሣ፣ ያ ንጉሥ የተረከበው መንግሥት መሬቱንም ሰውንም ጠቅልሎ የያዘ መንግሥት ነበር፤ የዮሴፍ ወንድሞች ልጆችም በዚያው አገር ጭቃ እያቦኩ ጡብ ጣሉ። እርዳታን የሚያቋቁም ሰው ስለ ራሱ ቅንነት ብቻ ሳይሆን ያቋቋመው ነገር በማይታወቅ ተተኪ እጅ ሲገባ ምን ሊሠራ እንደሚችልም ማሰብ አለበት።

ከግብፅ የወጣው ሕዝብ ሕግ ሲሰጠው ስለ መሬት የተደነገገው ለዚህ ታሪክ መልስ ይመስላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 መሬት የእግዚአብሔር ስለሆነች ለዘለዓለም እንዳትሸጥ ያዝዛል፤ በችግር የተሸጠ ርስት በኀምሳኛው ዓመት፣ ኢዮቤልዩ በሚባለው የነጻነት ዓመት፣ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል፤ የደኸየው ወንድም ሲበደር ወለድ አይከፍልም፣ ራሱን ቢሸጥም እንደ ባሪያ አይገዛም፤ ምክንያቱም እግዚአብሔር ከግብፅ ባርነት ያወጣው አገልጋዩ ነው። በፈርዖን ግብፅም በእስራኤል ሕግም ገበሬው በመሬቱ ላይ ፍጹም ባለቤት አይደለም። ልዩነቱ ከላይ ያለው ባለቤት በባለቤትነቱ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው፤ በግብፅ የበላይ ባለቤትነት ገበሬውን የፈርዖን ጭሰኛ ሲያደርገው፣ በዘሌዋውያን ግን ማንም ሰው ጭሰኛ እንዳያደርገው ይከለክልለታል። መሬቱ አይሸጥም የሚለው አንዱ ድንጋጌ በአንደኛው አገር የእግር ብረት፣ በሌላው አጥር ሆነ።

ስለዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ የጻፈ አገር ሁልጊዜ ራሱን መጠየቅ ያለበት ባለቤትነቱ ወደየትኛው እንደሚያዘነብል ነው፤ ይህንንም የሚያሳየው ከድንጋጌው ይልቅ ድጋፉ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ማዳበሪያ ወይም የእርዳታ እህል ለማግኘት ስብሰባ መገኘት፣ መዋጮ መክፈል፣ ወይም የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ሆኖ መታየት የሚጠየቅበት ቦታ ካለ፣ በዚያ ቦታ የቆመው የፈርዖን ሥርዓት ነው። ከተማ ሲሰፋ ለሚነሣው ገበሬ የሚከፈለው ካሳም በዚሁ ሚዛን ይታያል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ሳይሰጠው በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በዐሥር አባዝቶ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ መነሻ አድርጎ ብዜቱን ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። ማሻሻያው ትልቅ ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ባለፈው ገቢ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ዕድሜ ልኩን ከማረስ ሌላ ሥራ ያልሠራ፣ ልጆቹን በዚያ መሬት ለማኖር ያሰበ፣ የዘመዶቹ መቃብርና የሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግድበት መስጊድ በዚያ ያለ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ማን ሆኖ እንደሚኖር ስሌቱ አይመልስም። የገበሬነት ኑሮ ገቢ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም፣ ማኅበርም፣ ማዕረግም ስለሆነ፣ ከእርሱ ለሚወጣ ሰው የሚከፈለው ዕዳ ከገንዘቡ ጋር ሙያ የሚማርበትን ጊዜና በአዲሱ ሰፈር ሥራ የሚያገኝበትን ዋስትና ማካተት ይገባዋል።

ከገበሬው ስለሚጠየቀው ነገር ደግሞ የእስልምና ሕግ ያለው ጥበብ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ከእህል የሚወጣው ዘካ በዝናብ ወይም በምንጭ ለሚበቅል ሰብል አንድ ዐሥረኛ ሲሆን፣ ገበሬው ውኃ እየቀዳ በድካምና በወጪ ላጠጣው ግን ግማሹ፣ ማለትም አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ሕጉ ከምርቱ መጠን አስቀድሞ ምርቱ ምን እንዳስወጣ ይጠይቃል ማለት ነው። በጥልቅ ሲታይ በማዳበሪያና በነዳጅ ዋጋ መናር የተነሣ የማምረቻ ወጪው የጨመረበት ገበሬ ካልጨመረበት ገበሬ ጋር እኩል ሊጠየቅ አይገባም የሚለው የፍትሕ ሐሳብ እዚሁ አለ፤ ከዘካ ተቀባዮች ስምንት ክፍሎች መካከል ባለዕዳዎች መቆጠራቸውም፣ በዕዳ መያዝ ከኃፍረት ይልቅ የሌሎችን ግዴታ የሚቀሰቅስ ሁኔታ መሆኑን ያመለክታል።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሣው ዋነኛ ተቃውሞ እርዳታ ጥገኝነትን ያመጣል የሚለው ነው፤ ጥገኝነት የሚባለውም ሰው በራሱ ጥረት ሊያገኝ የሚችለውን ነገር ከሌላ እጅ መጠበቅ ሲለምድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛው መልእክት ሊሠራ የማይወድ ሰው አይብላ ማለቱ ለዚህ ዘወትር ይጠቀሳል። የሐዋርያው ቃል ግን ሊሠራ ስለማይወድ እንጂ እየሠራ የሥራው ዋጋ ስለወደቀበት ሰው አይናገርም። ለዚህኛው ሰው የሚስማማው በአቡ ዳውድ ስብስብ የተዘገበው ሐዲስ ነው፤ አንድ ሰው ሊለምን በመጣ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ በቤቱ የቀሩትን ዕቃዎች አስመጥተው በሁለት ዲርሃም ሸጡለት፣ በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ በሁለተኛው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፣ የመጥረቢያውንም እጀታ በገዛ እጃቸው አስገብተው እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥ ላኩት። በአሥራ ሁለተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስም የምጽዋትን ስምንት ደረጃዎች ሲዘረዝር ከሁሉ በላይ ያደረገው በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በማስገኘት ሰውን ከልመና በፊት ማቆምን ነው። ሁለቱም ትምህርቶች አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፤ መጥረቢያ የጨበጠ ሰው የሚቆርጠው እንጨትና እንጨቱን በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ገበያ ማግኘት አለበት።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዚህ ሚዛን ሲመዘን ብዙ የሚመሰገንበት አለው። በየዓመቱ ከሚደረግ የአስቸኳይ እህል ጥሪ ወጥቶ፣ የምግብ ክፍተታቸው የታወቀ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚያውቁትን ድጋፍ ለተወሰኑ ወራት እንዲያገኙ አድርጓል፤ ጉልበት ያላቸው በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን እርከን በመሥራት፣ ኩሬ በመቆፈርና መንገድ በመጥረግ ክፍያ ያገኛሉ፣ አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከጅምሩ አምስት ሚሊዮን ገደማ የነበረ ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን ተጠግቷል። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ለሞዓባዊቷ መበለት ነዶ ተሸክሞ ባለመስጠት፣ አጫጆቹ ሆን ብለው እንዲያስቀሩላትና በራሷ እጅ እንድትቃርም ማዘዙ የሰውን ክብር የጠበቀ ተግባር ነበርና፣ ሥራን ከድጋፍ ጋር ማያያዙ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው እርከን ሠርቶ ከሆነ የሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ በጊዜው ይከፈላል፣ ሲዘገይ የሚጠየቅ አካል ይኖረዋል፣ የመግዛት አቅሙም ይጠበቃል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር በገንዘብ የሚከፈላቸው ተጠቃሚዎች የተቀበሉት ብር እህል መግዛት ተስኖት፣ ብዙዎቹ ክፍያው በእህል እንዲሆንላቸው የመረጡት ለዚህ ነው። አንድ ቤተሰብ ከፕሮግራሙ ተመርቋል የሚባልበት ሁኔታም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ምረቃው የቤተሰቡ ጥሪት መቋቋሙን ማሳያ መሆኑ ቀርቶ የወረዳ ዕቅድ ማሟያ ከሆነ፣ ዕዳው ሳይከፈል ደረሰኝ እንደ መቁረጥ ይቆጠራል።

ከገንዘብና ከእህል ሌላ መንግሥት ለገበሬው የሚሰጠው ምክር አለ፤ ኩታ ገጠም እርሻ፣ ምርጥ ዘር፣ የበጋ መስኖ ስንዴ ሁሉ በልማት ሠራተኞች አማካይነት የሚደርሱ ምክሮች ናቸው። ምክር ከሁሉ ያነሰ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያስነሣ ቢመስልም እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ መካሪው ቢሳሳት ደመወዙ አይቀነስም፣ የተመከረው ግን ዓመቱን ያጣል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በማሳቸው ተክለው ለከሰል ሲያደርሱት፣ የከረመውን መሬትም መልሰው እህል ሲዘሩበት፣ አሲዳማ የሆነውን አፈር ከገበያው ጋር ያስማሙበትን ይህን መንገድ በዋናነት የፈለሰፉት ራሳቸው ናቸው። ይህ ገበሬ ለለውጥ የማይመች ሰው ነው የሚለውን ቢሮ ወለድ እምነት ያፈርሳል። ዛፉን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ሲያጠቃው ደግሞ ብልሃተኛ ገበሬም ቢሆን ብቻውን ሊሸከመው የማይችል አደጋ እንዳለ ታይቷል። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚወጣው የመንግሥት ተገቢ ድርሻ ምርጫውን ለገበሬው ትቶ የአደጋውን ክፍል መጋራት ነው፤ አሁን የተለመደው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው፣ ምን እንደሚዘራ ይነገረዋል፣ ኪሳራው ግን የብቻው ነው።

ለገበሬው ይህ ሁሉ ከተገባው፣ የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ለነጠቀው ሸማኔ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ሥራዋን ላጠፋባት ሸክላ ሠሪ፣ በቤት ኪራይ ለተጨነቀው የከተማ ዝቅተኛ ደመወዝተኛስ ለምን አይገባም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አግባብ ነው፤ ለድጎማው የሚውለውን ቀረጥ የሚያዋጡት እነርሱም ናቸውና። ለሸማኔውና ለሸክላ ሠሪዋ ማኅበረሰቡ ያለበት ዕዳ በምንም መልኩ ያነሰ ነው ለማለት አይቻልም፤ ለዘመናት መሬት እንዳይኖራቸው ከመከልከላቸውና ከመናቃቸው አንጻር እንዲያውም የቆየ ዕዳ ነው። የገበሬውን ልዩ የሚያደርገው መንግሥት ራሱን የሀብቱ ባለቤት አድርጎ ማስቀመጡና የምርቱን ዋጋ በፖሊሲ ሲነካ መኖሩ ብቻ ነው።

ይህ ክርክር ግን የቆመው በይዞታ ላይ ስለሆነ ራሱ አንድ ክፍተት አለው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ድልድል ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሱ እጅግ ብዙ የገበሬ ልጆች የሚደለደል መሬት አልጠበቃቸውም፤ በሌሎች ክልሎችም ሁኔታው ይመሳሰላል። ከአባቱ ጓሮ ላይ ጎጆ ቀልሶ በእኩል የሚያርስ፣ ወይም ለቡና ለቀማና ለሰሊጥ አጨዳ አገር ለአገር የሚዞር ወጣት ምርቱን በርካሽ አልተነጠቀም፣ ማሳውን ለከተማ አልለቀቀም፣ የማዳበሪያ ድጎማም አይደርሰውም። የእርሱ ጥያቄ የሚመነጨው ከተወሰደበት ነገር ሳይሆን በአንቀጽ 40 ቃል ተገብቶለት ካልደረሰው ነገር ነው። የኢዮቤልዩ ሕግም ቢሆን ርስት የነበረውን ወደ ርስቱ ይመልሳል እንጂ ርስት ያልነበረውን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም፤ በኦሪት ለመጻተኛው የተተወለት የማሳው ዳርና ቃርሚያው ነው። የሚከፋፈል መሬት በሌለበት ወረዳ ይህ ዕዳ በሙያ፣ በመስኖ ውኃ፣ በብድር ወይም በሌላ ነገር ተለውጦ ሊከፈል ይችል እንደሆነ፣ ቢለወጥም ምን ያህሉ ከአንድ ጥማድ መሬት ጋር እንደሚተካከል ሕግ አውጪውም የሃይማኖት ሊቃውንቱም ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው፤ ሲነጋገሩበትም ወጣቱ ራሱ በጉባኤው መሐል ሊቀመጥ ይገባል።